የቀኙ ስፒከር

ጥር 9፣ ዓርብ

ከቤቱ ሥር ያለው የቤዝመንቱ ቧንቧ ፈነዳ። ሊጠግን የመጣው ሰው «ብርዱ ነው» አለኝ። ብርዱ አይደለም። ብርድ ኦሃዮ ውስጥ በየዓመቱ ይመጣል። ቧንቧውን በውጭው ግድግዳ በኩል ያለ ምንም መሸፈኛ ያሳለፈው ሰው ግን አንድ ቀን ብቻ መጥቶ፣ ሥራውን አበላሽቶ ሄዷል። ይህንኑ ነገርኩት። ትከሻውን ሰበቀ።

ውሃው ካርቶኖቹ ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ደረስኩ። አሥራ አንድ ካርቶን። ዌስተርቪል ቤት ገዝተን ስንገባ ልጄ ሉሊት ገና አንድ ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልተከፈቱም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መሆኑ ነው። አንድ በአንድ ተሸክሜ ጠረጴዛ ላይ አወጣኋቸው። ሔዋን ከደረጃው ጫፍ ሆና የሆነ ነገር ተናገረች። ይህች ሴት በትዳራችን ዘመን ሁሉ ከሌላ ክፍል ሆና ነው የምታወራኝ።

የሙዚቃ ሸክላዎቼ ናቸው። አራት መቶ አሥራ አንድ። ፓንክ የሚሉት ጩኸታምና ቁጡ የጊታር ሙዚቃ፣ ከፓንክም ጎን የበቀለው ሁሉ። ብዙዎቹ ሦስት መቶ፣ አራት መቶ ብቻ ታትመው ከመድረክ ሥር በእጅ የተሸጡ ናቸው። ሌላ ሰው ቢያገኛቸው አንዱንም ፈልጎ አያገኝም፤ ምክንያቱም የደረደርኳቸው በሀ ሁ ነው። ሃፍ ብሪክስ የሚባለው ባንድ መጀመሪያ፣ ፓርኪንግ ሎት ሴይንትስ የሚባለው መጨረሻ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ስደረድር ከሱዳን ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር፤ ፊደል ማለት ለእኔ ሀ ለ ሐ መ ነበር። በኋላ እንግሊዝኛው ሲገባኝ ልቀይረው አልፈለግኩም። የተሠራ ሥርዓት ያለ ምክንያት አይፈርስም።

ወስኛለሁ። ከሀ እስከ ፐ፣ አንድም ሳልዘል እሰማቸዋለሁ። የእያንዳንዱን ይዞታ እመዘግባለሁ። ከዚያ ምን እንደማደርጋቸው አስባለሁ።

ማጫወቻውን አቆምኩ። ቀኙ ስፒከር ደክሟል። ሽቦው ዝጎ ይሆናል።


ጥር 11፣ እሁድ

ከጥምቀት ተመለስን። ካህኑ የረጩን ጠበል ኮቴ ላይ በረዶ ሆኖ ቀረ።

ሉሊት ቤዝመንት ወረደች። ሶፋው ላይ ከቀኜ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። «ዳድ፣ ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?» አለችኝ፤ ይህ እሷ በእንግሊዝኛ ያለችው ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ በአማርኛ የምታወራኝ ስትታመም ብቻ ነው።

ነገርኳት። ሃይ ስትሪት ላይ አንድ መጠጥ ቤት ሳህን አጥብ ነበር። ከኋላው ክፍል ባንዶች ይጫወታሉ። የወጥ ቤቱ በር ከመድረኩ በስተቀኝ ስለነበር፣ ሳህኑ ሲያልቅ ሽርጤን ሳልፈታ ወጥቼ ቀኝ ጎኔን ትልቁ ስፒከር ላይ አስደግፌ እቆማለሁ። በሳምንት አራት ቀን፣ ሦስት ዓመት። ቦታዬን ሁሉም ያውቀው ነበር። ሌላ ሰው ቢቆምበት እንኳ ስወጣ ይለቅልኝ ነበር። ያኔ በእንግሊዝኛ መናደድ አልችልም ነበር። ቀን ቀን የምናደደው በአማርኛ ነበር፤ ለማን? ማታ ማታ እነዚያ ጸጉራቸውን የላጩ ቀጫጭን ልጆች ስለእኔ ይናደዱልኝ ነበር።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ሙዚቃው እየሄደ አንድ ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። «እሺ» አልኳት። ዘልላ ተነስታ ጉንጬን ሳመችኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ልጅ ሲደሰት ምክንያቱ አይጠየቅም።


ጥር 15፣ ሐሙስ

ለማጫወቻው አዲስ መርፌ መጣ። ገጠምኩ። በማጉያ መነጽር አይቼ አስተካከልኩ። ለውጥ የለም። ቀኙ ያው ነው።

ለ አልቋል። ሐ ላይ ነኝ። አንዱ ሸክላ ተጣሟል፤ የማን ጥፋት እንደሆነ አውቃለሁ፤ የእኔ።


ጥር 21፣ ረቡዕ

ረቡዕ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ለሙከራ የሚነፋውን የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ቦታውን ቀይረውታል። ዱሮ ከሁሉም አቅጣጫ ነበር የሚመጣው። አሁን ከአንድ ወገን ብቻ ነው። አውሎ ነፋስ የመጣ ቀን ግማሹ ከተማ ሳይሰማ ሊያልቅ ነው። ለከተማው እጽፋለሁ።


ጥር 25፣ እሁድ

ገብረየስ መጣ። ካርቱም በአንድ ክፍል፣ ኮለምበስም በአንድ ክፍል ኖረናል። አሁን ከግሮቭፖርት መጋዘኖች ትራክ ይነዳል። ስፒከሩን እንዲያነሳልኝ ጠራሁት።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄን መዓት እስካሁን አልጣልከውም?» አለ ገና ደረጃው ላይ።

«ዝም ብለህ ስማ።»

«ምኑን ልስማው? ትራኬ ጠዋት ብርድ ላይ ሲነሳ እንዲህ ነው የሚለው። እሱ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ሲቆይ ይሻለዋል።»

ያኔም እንዲህ ነበር። እኔ ሸክላ ሳስገባ እሱ ጆሮውን በትራስ ይይዛል።

ምርመራውን በሥርዓት አደረግኩት። ናይት ፕለምበርስ የሚባሉ የዚሁ ከተማ ልጆች ያወጧት አንዲት ትንሽ ሸክላ አለችኝ። የተቀዳችው በሞኖ ነው። ከሁለቱም ስፒከር የሚወጣው አንድ ዓይነት ድምፅ ስለሆነ፣ ዕቃው ደኅና ከሆነ ዘፋኙ በሁለቱ መካከል፣ ባዶው ግድግዳ ላይ የቆመ ይመስላል። አሁን ግን መሃል የለም። ዘፋኙ ጓዙን ጠቅልሎ ግራው ስፒከር ውስጥ ገብቷል።

አንደኛ፤ ገመዶቹን አቀያየርኩ። አሁንም ቀኙ ደካማ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የማጫወቻው አይደለም።

ሁለተኛ፤ ስፒከሮቹን ራሳቸውን ተሸክመን አቀያየርን። ገብረየስ ወገቡን ይዞ አቃሰተ። ጥሩው ስፒከር ወደ ቀኝ ሄደ። ሄዶም ደከመ።

«ለእኔ ሁለቱም እኩል ነው» አለ።

«አንተ ምን ትሰማለህ?»

«የማይረባ ነገር እሰማለሁ። ግን እኩል ነው።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከዚህ በላይ አይጠበቅበትም። ድምዳሜ፤ ጥፋቱ የክፍሉ ነው። በስተቀኝ ሔዋን የማትለብሳቸውን ልብሶች ከምራለች። ጨርቅ ድምፅ ይበላል።


ጥር 28፣ ረቡዕ

በችኮላ። መኪና ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ወደ ግሮቭፖርት መንገድ ያለውን ድልድይ ዛሬ መርምረን ጨረስን። ከሥሩ የብስክሌት መንገድ ያልፋል። ረዳቴ ሩፋኤል እንደ ልማዱ ይጠራጠራል። ጨቀጨቀኝ። ተናገርኩት። በረዶ ሊጥል ነው።

ማታ፣ እራት ከበላሁ በኋላ

የድልድይ ምርመራ በዓይን ብቻ አይደለም። ኮንክሪቱን በመዶሻ እየመቱ ማዳመጥ ነው። ጤነኛ ከሆነ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ከውስጥ ከብረቱ ከተላቀቀ ባዶ ሣጥን እንደመቱ ያህል ያጓራል። ሃያ ስድስት ዓመት እንጀራዬን የበላሁት በዚህ ጆሮ ነው።

ሩፋኤል አብሮኝ ሲሠራ ስድስት ዓመቱ ነው። የመሃለኛውን ምሰሶ አናት መትቶ ቆመና፣ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ባዶ አይመስልዎትም?» አለ።

ሦስት ጊዜ መታሁት። «ጤነኛ ነው።»

«እስቲ አንዴ ይድገሙት፤ ትራክ እያለፈ ነበር።» በጠመኔ ክብ አድርጎ ምልክት ሠራበት።

«አንተ ስንት ድልድይ ነው የመታኸው?» አልኩት። «የኮንክሪት ድምፅና የገዛ ልብህ ሲመታ ለይተህ መስማት ተማር!» መንገዱን የሚጠብቁት ሁለቱ ሠራተኞች ቋንቋውን ባያውቁም ገባቸው፤ አንገታቸውን ደፉ። ክቡን በጓንቴ ጠረግኩት። ቅጹ ላይ «ጤነኛ» ብዬ ፈረምኩ።

ሰው ፊት እንዲያ ማለት አልነበረብኝም። ግን ሥራ ላይ ጥርጣሬን ማስታመም አይቻልም። ነገ ቡና እገዛለታለሁ።


የካቲት 3፣ ሰኞ

ቡናውን ሳልገዛለት ሳምንቱ አለፈ።

ዛሬ ቢሮ ወረቀት ከማተሚያው ሳነሳ ሩፋኤል አዲስ ለተቀጠረችው ለማራናታ ሲያስተምራት ሰማሁ። «ከጋሽ አንድርያስ ጋር ስትሠሪ ሁልጊዜ በግራቸው በኩል ሁኚ» ይላታል። ልክ ነው። መዶሻ የምይዘው በቀኜ ነው፤ በቀኝ በኩል የቆመ ሰው ይመታል። የደኅንነት ደንብ ማክበሩን ወድጄለታለሁ።

መ እና ሠ አልቀዋል። ረ ውስጥ ሁለት ብቻ አሉ። ዘፋኞቹ ሁሉ ግራው ስፒከር ውስጥ ተጨናንቀዋል።


የካቲት 8፣ ቅዳሜ

በ ላይ ደርሼ ክፍተት አገኘሁ። ከዚያ ወደ ታች ስቆጥር ዘጠኝ ሸክላ የለም። ዘጠኝ! ሦስቱ በዓለም ላይ ከኔ ሌላ ማን ዘንድ እንዳሉ የማላውቃቸው ናቸው።

ሉሊትን ጠራኋት። ጮኼ ሳይሆን አይቀርም።

«የዩኒቨርሲቲው ራዲዮ ጋ ናቸው» አለች። «ረቡዕ ፕሮግራም አለኝ አልኩህ እኮ። ላጫውታቸው? ብዬ አስክ አደረግኩህ።»

«መቼ?»

«እዚሁ! የጥምቀት ዕለት! እሺ አልከኝ!»

«እኔ ዘጠኝ ሸክላ ከቤት ይውጣ ብዬ እሺ የምል ሰው ነኝ?»

«አልክ! ሳምኩህ እኮ!»

«ውሸታም» አልኳት።

ጻፍኩት፤ እዚህ ደብተር ላይ የሆነው ነው የሚጻፈው። ፊቷ ተለወጠ። በአማርኛ እየተጣላችኝ እንደነበር ያወቅኩት ከወጣች በኋላ ነው።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ሄዳ አመጣቻቸው። ደረጃው ላይ አስቀምጣልኝ፣ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። አንድም ጭረት የለባቸውም። የደረደረቻቸው በኤቢሲዲ ነው።

ሔዋን ከፊቴ መጥታ ቆመች። «ልጅህ ዋሽታህ ታውቃለች?»

አታውቅም። ሸክላዎቹን ወደ ሀ ሁ ቦታቸው መመለስ ጀመርኩ።


የካቲት 9፣ እሁድ

ሉሊት አልወረደችም።


የካቲት 12፣ ረቡዕ

አልወረደችም። እራት ላይ ጨው አቀበለችኝ። ምግቡ ጨው ነበረው።

ሳይረኑን ዛሬ አልሰማሁትም። ሔዋን ነፍቷል ትላለች። መኪና ውስጥ ስለነበርኩ ይሆናል።


የካቲት 15፣ ቅዳሜ

የሔዋንን ልብሶች ከቀኙ ግድግዳ አነሳሁ። መደርደሪያውንም። የገና ዛፉን ካርቶንም። ግድግዳው ራቁቱን ቀረ።

«ሶፋውንስ? እሱንም ለምን ፍርድ ቤት አታቀርበውም?» አለች ሔዋን። ዎርዝንግተን የጥርስ ሐኪም ቤት ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ከሚፈሩ ሰዎች ጋር ስለምትውል ሰው ማባበል ታውቅበታለች፤ ባሏን ግን አታባብልም።

«ጨርቁ ነበር ድምፁን የሚበላው።»

«አሁንስ?»

አጫወትኩ። ዘፋኙ ግራ ነው።

«አንዲ» አለች። ከግራዬ ዞራ መጥታ ተቀምጣ እጄን ያዘች። ስለ አንድ ሐኪም አወራች። ቢሮዋ አጠገብ ነው፤ ሥራውን ታውቃለች፤ ቀጠሮ ቶሎ ይሰጣል። ኮርኒሱን አየሁ። የኮርኒሱ ከፍታ በቀኝና በግራ በሁለት ኢንች ይለያያል። ይህም ሊሆን ይችላል።

ካርቶኖቹን ሳልጨርስ ሁሉንም ለሚወስድ ሰው ብሰጣቸውስ? ከልጄ ጋር ያጣላኝን ነገር ምን ይሠራልኛል? እንዲያ ብዬ አስቤ አንዱን አነሳሁ። ሽፋኑ ላይ የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁ የጻፍኩት አለ፤ «ቆሜ ሰማኋቸው፤ ደግ ሰዎች ናቸው።» መልሼ አስቀመጥኩት።


የካቲት 23፣ እሁድ

ሉሊት ወረደች። አሥራ አምስት ቀን ነው።

ክንዴን ይዛ ከወንበሬ አስነሳችኝ። ወንበሩን ገፍታ ፊቱን ወደ ኋላው ግድግዳ አዞረችው። በእጇ «ተቀመጥ» አለችኝ። ስፒከሮቹ ከጀርባዬ ሆኑ። ናይት ፕለምበርስን አደረገች።

ዘፋኙ ግራ ነው።

ለአፍታ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ፊቴን ሳዞር ግራዬ የነበረው ቀኝ ሆኗል። አሁን የሚጮኸው ያ ደካማ ነው ያልኩት ነው። ጥሩ ነው ያልኩት ተኝቷል።

ተነሳሁ። ወንበሩን ወደ ቦታው መለስኩ። ተቀመጥኩ። ግራ። አዞርኩ። ግራ። ወደ ጎን አዞርኩት፤ ሁለት ጊዜ። ሉሊት ቆማ ታየኛለች። አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

መርፌውን ቀይሬያለሁ። ገመዱን፣ ስፒከሩን፣ ግድግዳውን ቀይሬያለሁ። ኮርኒሱን ለክቻለሁ። ሁሉንም የሰማሁት ግን በነዚሁ በሁለቱ ጆሮዎች ነበር። ተማሪ እንዲህ ያለ ምርመራ ቢያመጣልኝ ወረቀቱን ፊቱ ላይ እወረውርበት ነበር።

ሙዚቃው አለቀ። ሶፋው ላይ ሄዳ ተቀመጠች፤ ከቀኜ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። አየሁት እንጂ አልሰማሁትም። ከዚያ ተነስታ በግራዬ ተንበረከከችና፣ «እሺ ያልከኝ ቀን እዚያ ነበር የተቀመጥኩት» አለችኝ በአማርኛ።

«ውሸታም አልኩሽ» አልኳት።

«አልከኝ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ኦኬ» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ግን ገና ተናድጃለሁ።»

«ልክ ነሽ። ተናደጂ።»

ይህን ስጽፍ በጓንቴ የጠረግኩት የጠመኔ ክብ ትዝ አለኝ።


የካቲት 24፣ ሰኞ

ለአለቃዬ ደወልኩ፣ ገና ቢሮ ሳልገባ፤ የብስክሌት መንገዱ ነገ ጠዋት ይዘጋ አልኩ። ለምን አለችኝ። መጥቼ እነግርሻለሁ አልኩ። ከዚያ ሦስት ጊዜ በሯ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ሃያ ስድስት ዓመት። ጆሮ የሌለው መርማሪ ምን ይደረጋል? የቤቱ ዕዳ ገና ነው። ሉሊት ዩኒቨርሲቲ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ይቀራታል።

መጀመሪያ ለሩፋኤል ነገርኩት። ቀኝ ጆሮዬ እንደማይሰማ፣ መቼ እንደጀመረ እንደማላውቅ። አልደነቀውም።

«ታውቅ ነበር?»

«ሁላችንም እናውቃለን ጋሼ።»

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልደገምከውም? ለምን ሌላ ሰው አልጠራህም?»

መሬት መሬት አየ። «ጥፋት አለብኝ፤ መድገም ነበረብኝ። ፈራሁዎት።»

ፈራሁዎት። ሰው እንዲጠነቀቅ እንጂ እንዲፈራኝ ፈልጌ አላውቅም ልለው አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት፤ እውነት መሆኑን እርግጠኛ አልነበርኩም።

አራተኛ ጊዜ ስሄድ በሩን አንኳኳሁ።


የካቲት 25፣ ማክሰኞ

መንገዱን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ዘጋን። አንዲት ሴት የልጅ ጋሪ እየገፋች መጥታ እንደማታልፍ ስንነግራት ተቆጣችኝ። ሁልጊዜ በዚህ ነው የማልፈው አለች። ሰው ሲቆጣኝ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የክቡ ርዝራዥ አሁንም ይታያል፤ ጓንቴ በደንብ አልጠረገውም። ሩፋኤል መዶሻውን አቀበለኝ። አልተቀበልኩትም። «አንተ ምታ» አልኩት። ግራ ጆሮዬን ወደ ምሰሶው አስጠግቼ ቆምኩ። ትራክ እስኪያልፍ ጠበቅን።

አጓራ። በደንብ አጓራ። ልጅም ይሰማው ነበር።

ትንሽ ወደ ላይ ሲመታው የትልቅ ትሪ ያህል ገጽ ተላቆ ወረደ። የዘረጋነው ሸራ ላይ ወድቆ ለሁለት ተከፈለ። ከተሰነጠቀው ሥር ብረቱ ዝጎ ቀልቷል። ሩፋኤል ላቡን ጠረገ፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ነበር።

«ልብህ አልነበረም» አልኩት።

«ምን አሉኝ?»

«ያን ዕለት የሰማኸው። ልብህ አልነበረም።»

ሁለቱ መንገድ ጠባቂዎች ያኔ የነበሩት ናቸው። እነሱ ፊት መናገር ስላለብኝ በእንግሊዝኛ ደገምኩት።


መጋቢት 3፣ ረቡዕ

የሔዋን ሐኪም። የመስታወት ክፍል ውስጥ አስገብቶ በጆሮዬ እያፏጨ ቁልፍ አስጫነኝ። በቀኝ በኩል ለረዥም ጊዜ ምንም ሳልጫን ተቀመጥኩ። የተበላሸ መስሎኝ ነበር፤ መሣሪያው። ይህን አሰብኩና ብቻዬን ሳቅኩ።

አንድ ወገን ብቻ ሲሆን ጭንቅላትህን ፎቶ መነሳት አለብህ አለኝ። ለምን እንደሆነ ሔዋን ገባት። እኔም ገባኝ። መኪና ውስጥ እጄን ይዛ ነዳች።

እኩለ ቀን ላይ ሳይረኑ ነፋ። «ከየት ነው የሚመጣው?» አልኳት።

«ከሁሉም» አለች።

ለከተማው ስላልጻፍኩ ተመስገን።


መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ፎቶው ንጹሕ ነው። ዕጢ የለም፣ ምንም የለም። ጩኸት ብቻ ነው አለ ሐኪሙ፤ ብዙ ዓመት የቆየ ጩኸት። ፋብሪካ ሠርተህ ታውቃለህ? አለኝ። የት እንደቆምኩ ነገርኩት። ሳቀ። የት ቦታ እንደነበረ ጠየቀኝ፤ ያውቀዋል! እሱም እዚያ ይመጣ ነበር፤ ግን ከኋላ፣ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ከትቶ። ሐኪም የሚሆን ሰው ከመጀመሪያው ያስታውቃል።

መሥሪያ ቤቱ ውሳኔውን ሰጠ። በዚህ ዓመት የመታኋቸው አሥራ አራት ድልድዮች በሙሉ ድጋሚ ተመቱ። ሁለቱ ላይ ትናንሽ ቦታዎች ተገኙ፤ አደገኛ አይደሉም፤ ግን አሉ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ አልረሳቸውም። ከእንግዲህ ብቻዬን አላዳምጥም። ሩፋኤል ይመታል፣ ማራናታ ትደግማለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ሪፖርትም የሁሉም በእኔ እጅ ያልፋል። የሩፋኤል ፊርማ ከእኔ በላይ ሆኗል። ትናንት አንድ ክብ ሠራና ዞሮ አየኝ። «ምን ታየኛለህ? ጻፍ!» አልኩት። ከዚያ፣ «ማለቴ፣ ጥሩ ነው» አልኩ። ማራናታ ፊቷን አዙራ ስትስቅ አየኋት።

ገብረየስ ደወለ። «ያኔ በትራስ ጆሮዬን ስይዝ ባላገር ነህ ያልከኝ አንተ አይደለህም?» እያለ እስኪበቃው ሳቀብኝ። ፈቀድኩለት።


ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

የመስሚያው መሣሪያ ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ከገባ አምስት ቀኑ ነው። ትንሽ ናት፤ የባቄላ ፍሬ ታክላለች። የመጀመሪያው ቀን አስጠላኝ። ወረቀት ሲገለበጥ ቆርቆሮ ይመስላል። የገዛ ድምፄ ሰው በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ሐኪሙ ጋ ተመልሼ ስድስት ነጥብ ያለው ቅሬታ አቀረብኩ፤ በጽሑፍ። አራቱን አስተካከለ። ሁለቱን ጊዜ ይፈታቸዋል አለኝ። በሥራዬ እንዲህ ያለ መልስ አልቀበልም፤ ከእሱ ግን ተቀበልኩ።

ሔዋን ከሌላ ክፍል አታወራም ኖሯል። ስታወራ የኖረችው እዚሁ አጠገቤ ሆና ነው።

ጾም ነው፤ ሽሮ በልተን ወደ ቤዝመንት ወረድኩ። ወንበሩ በቦታው ነው። ስፒከሮቹን ለካሁ። ናይት ፕለምበርስን አደረግኩ። መርፌው ሲያርፍ የመንሿሿት ድምፅ አለ፤ አቧራው። ያንን በሁለት ወገን ሰማሁት።

ከዚያ ዘፋኙ ገባ። መሃል። ባዶው ግድግዳ ላይ፣ ማንም በሌለበት ቦታ ቆመ። ድምፁ እንደ ዱሮው አይደለም፤ ጠርዙ ትንሽ ቀጥኗል፤ መሣሪያው የሚሰጠው ያንን ነው። ግን መሃል ነው። ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት ከወጥ ቤት በር ሆኜ ያየሁት ያ ልጅ አሁን ሽማግሌ ነው፤ እንደ እኔ። እዚህ ግን እጁን ጨብጦ አሁንም ይናደዳል። የተናደደበትን ነገር ዛሬም ደግፌዋለሁ።

ሉሊት ስትወርድ የደረጃው ስድስተኛ እንጨት ሲንቋቋ ሰማሁ። ይንቋቋ እንደነበር አላውቅም ነበር። መጠገን አለበት። መጥታ ሶፋው ላይ ከቀኜ ተቀመጠች፤ እግሯን አጥፋ። ሆን ብላ ነው። ሙዚቃው እየሄደ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ ግድግዳውን እያየች ተናገረች። «ዘጠኙን ለረቡዕ ልውሰዳቸው?»

ፊቴን አላዞርኩም።

«እሺ» አልኳት።

ዞራ አየችኝ። «እርግጠኛ ነህ? ምን አልኩህ?»

«ዘጠኙን። ለረቡዕ። ሰምቼሻለሁ። በጣት አይነኩም፣ ጠርዛቸው ነው የሚያዘው፣ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አይተዉም። ስትመልሺም ደረጃ ላይ አይደለም።»

«በሀ ሁ ቦታቸው» አለች፣ እኔን እያስመሰለች።

አልቆየችም፤ ተነስታ ካርቶኖቹ ጋ ሄደች። ልጅ ሳለች ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ተምራ ነበር፤ ከዚያ እግር ኳስ መጣና ተወች። ካርቶኖቹ ያሉት አሁን ሔዋን ልብስ ከምራበት በነበረው ግድግዳ ሥር፣ ከቀኜ ነው። ጣቷን ከሽፋን ሽፋን እያሳለፈች፣ ለራሷ፣ በሹክሹክታ መቁጠር ጀመረች። «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ፣ ቀ፣ በ፣ ተ፣ ነ…»

ቸን ዘለለች። ኀንም።

እያንዳንዱን ሰማሁ። አላረምኳትም።